ወፍራሙን መጽሐፍ ያዘፈኑት እህታችን

እኛ ታናናሾቻቸው «እትዬ» የምንላቸው ታላቅ እህታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን «እሺ ማለትን ከሁሉም ልጆቼ ዘግይታ ተማረች» ይሉ ነበር፤ እኔ የመጨረሻ ታናሻቸው እስከ ዛሬም ስለ መማራቸው እርግጠኛ አይደለሁም።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በቴአትር ቤት በጽሕፈት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። የሰውን ተውኔት በታይፕ ሲመቱ ሳይጠየቁ ያርሙት ስለነበር፣ አለቆቻቸው ቢቸግራቸው ጸሐፌ ተውኔት አደረጓቸው። በ1974 ዓ.ም. የቴአትር ቤቱን ፒያኖ ተጫዋች አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1985 ዓ.ም. ሁላችንም ተማሪ ቤት ያነበብነውን፣ ስድስት መቶ ገጽ ያለውን ዝነኛ ልብ ወለድ ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ሊለውጡ ተነሡ። ሥራው አሳራቸውን አበላቸው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ባሏ ሞቶ አርባ ገጽ ሙሉ አንድ ቃል አትተነፍስም። ዝምታ እንዴት ይዘፈናል? ሦስት ጊዜ ግጥም ጻፉ፤ ሦስቴም ቀደዱ። በመጨረሻ ጎረቤቶቿ ሁሉ ስለ እሷ ሲዘፍኑ እሷ ብቻዋን ዝም አለች። ባለቤታቸው ፒያኖውን ከድነው «አሁን ገና ሰማኋት» አሉ።

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ግን «ተመልካች እያለቀሰ አይወጣም፤ መጨረሻ ላይ ዳሯት» ብለው አዘዙ። እትዬም «እኔ የጋብቻ ደላላ አይደለሁም» አሏቸው። አዳራሹን ተከለከሉ። ዐሥራ አንድ ገጸ ባሕርያት በመቀነሳቸው ደግሞ አንድ መምህር በጋዜጣ «ታላቁን መጽሐፍ አራከሱት» ብለው ወረዱባቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አንድ ገጽ አልነካሁበትም።»

ተዋንያኑን ይዘው ወደ አባታችን የእንጨት ሥራ ቤት ገቡ። መጋዙ ቆሞ፣ ተመልካቹ ጣውላ ላይ ተደርድሮ ተውኔቱ ታየ። በአምስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጡ፤ የሚቀመጡበት አጥተው ቆመው አዩ፤ ዐይናቸውን እየጠረጉም ወጡ። ተውኔቱ ስድስት ዓመት ቆየ።

በ2015 ዓ.ም. የጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ወሰደባቸው። በዚያው ዓመት የከተማው ትልቁ አዳራሽ ተውኔቱን መጨረሻው ሳይነካ ለማሳየት ጠየቃቸው። ልምምዱን በወረቀት እየጻፉ መሩ። ሐኪማቸው ዕረፍት ሲያዙላቸው «ለሌላ በሽተኛ ይስጡልኝ» ብለው ጻፉላቸው።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አምስት ታናናሾቻቸውን ትተዋል። ትራሳቸው ሥር «የቅዳሜው መክፈቻ በእኔ ምክንያት እንዳይሰረዝ» የሚል ወረቀት ተገኝቷል። አይሰረዝም።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ይቀበልልን፤ እኛንም ቅዳሜ በሰዓቱ ያድርሰን።