እንግዳ አይደለሽም

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ የመጨረሻ ልጅ፤

ከነገሩ ሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? ባለቤትህንስ የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ እንዴት ይዟታል? ልጅህ ሚጢጢስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ዐይን ብቻ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ግራውን ደመና ሸፍኖታል፣ ቀኙም ሊከተለው ምንም አልቀረው። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ አንተም ስልክህ ላይ የመጣውን ሁሉ በአውራ ጣትህ ወደ ላይ እየገፋህ ነው የምታሳልፈው። ወረቀት አይገፋም። ነገሩን በሆዴ ይዤ ከረምኩ፣ ሆዴ ግን አልችል አለ።

ያኔ ለስፌት መኪናዬ ዕቃ ፍለጋ መጥቼ ቤትህ ሁለት ሌሊት አድሬ ተመለስኩ አይደል? ከመንገድ ደክሞኝ ስገባ መጀመሪያ የሰጠኸኝ ውሃ አልነበረም፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው። ቀጥለህ «ምን ልዘዝልሽ?» አልከኝ። ምግቡ በሞተር መጣ፤ ሁላችሁም የየራሳችሁን ካርቶን ይዛችሁ የየራሳችሁን ስልክ እያያችሁ በላችሁ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? እኔ ፊትህን ያየሁት የስልክህ መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። የእንግዳውን ክፍል የመሮጫ ማሽንህ ይዞታል ብለህ ሳሎን ውስጥ በፓምፕ የሚነፋ ፍራሽ ዘረጋህልኝ። አንሶላው የማላውቀው ሰው ፀጉር ነበረበት። ፎጣው እርጥብ ነበር። ማን ምኑን እንደጠረገበት ሳልጠይቅ ፊቴን በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኩ። ጠዋት ፍራሹ ተንፍሶ ጎኔ ወለል ላይ አርፎ ነቃሁ። ይህንን ስነግርህ ምን አልከኝ? «አንቺ እኮ እንግዳ አይደለሽም፣ የቤት ሰው ነሽ!»

ቁርስ ሲጠፋ የቤት ሰው ነሽ፣ ሰሃን ሲከመር የቤት ሰው ነሽ። ደግ ቃል ነበረች እኮ! አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ «ላስቸግራችሁ አልፈልግም» እያለ ለሚሽኮረመም ሰው የራሱን አልጋ ለቅቆለት፣ እግሩን አሳጥቦት፣ ከዚያ በኋላ ነበር «እንግዳ አይደለህም» የሚለው። አንተ አልጋውን ትተህ ቃሏን ብቻ ወረስክ።

ወደ ዋናው ልምጣ። በማግስቱ ሁላችሁም ስትወጡ ሰሃኑን አጥቤ ጨረስኩና ልብሴን ልቀይር ብዬ ሳሎኑ መሀል ቆምኩ። ሌላ የት ልቀይር? ቀሚሱን በራሴ አጥልቄ ገና ሳላወርደው፣ የአንተ ድምፅ ከግድግዳው ላይ «እህቴ፣ ስትወጪ መብራቱን አጥፊው እሺ?» አለኝ። ቀና ብል ጥጉ ላይ የሰቀልካት ካሜራ ቀይ መብራቷን አብርታ ታየኛለች። ግድግዳም ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የአንተ ግድግዳ ግን ዐይንም አፍም አለው።

ከቤቱ ሽሽት ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ በሩ አልከፈት አለኝ፤ ለካ ቁልፉም ስልክህ ውስጥ ነው። ብደውልልህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ላክህልኝ። ዳቦዬን ታቅፌ ደረጃው ላይ ተገትሬ ሳለሁ የሕንፃው ዘበኛ አየኝና የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣ። «እንግዳ ቆሞ አይጠብቅም፣ እትዬ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ቆይታዬ እንግዳ ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው። እንባዬ መጣ።

ማታ ስለ ካሜራው ስጠይቅህ ሳቅክ። «አይዞሽ፣ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» አልከኝ። በዚህ ልጽናና? አዝዬ ያሳደግኩህ ታላቅ እህትህ ነኝ! ቀፈፈኝ ወንድሜ፣ አንገሸገሸኝ። እንጀራዬ መጋረጃ መስፋት ነው፤ የሰውን ጓዳ ከሰው ዐይን ስሸፍን እውላለሁ፣ የገዛ ወንድሜ ግን ሳሎኑ ውስጥ ገልጦ አየኝ። አሁን በራሴ ቤት እንኳ ልብሴን ስቀይር ጥግ ጥጉን አያለሁ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት አንተ ነህ። መሥሪያ ቤትህ ትሑት ነው እያለ ያወራልሃል አሉ፤ እኔ ቀጋውን አገኘሁ፣ አልጋውንስ አላየሁትም። ባለቤትህን አልወቅስም። ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ መጥታ እንኳ የራሷን ትራስ ሰጥታኛለች። ነገሬ ካንተ ጋር ነው።

ስመለስ እማዬ «ወንድምሽ እንዴት ተቀበለሽ?» አለችኝ። «እንደ ንግሥት» አልኳት። ስምህ ሲነሣ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ታውቃለህ፤ ምን ልበላት? አሁን ግን ለዐይኗ ሕክምና በመጪው ወር አንተ ዘንድ ልትመጣ ነው። ሐኪም ቤቱ አጠገብ ክፍል ልከራይልሽ ብላት ተቆጣችኝ። «ልጄ ቤት እያለው? እኔ እዚያ እንግዳ አይደለሁም!» አለች። ቃሏን ከእሷ አፍ ስሰማ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

የእማዬን ፀጉር ያለ ሻሽ እኔ ልጇ እንኳ አይቼው አላውቅም። ሻሿን የምትፈታው በር ዘግታ ነው። በዚያ በደከመ ዐይኗ ያቺን ቀይ መብራት አታያትም፤ ብቻዬን ነኝ ብላ ትፈታዋለች።

ስለዚህ ማሽኑን ከክፍሉ አውጣ። ያቺን ዐይን ንቀላት። በእጅ የሚዞር ቁልፍ አስቀርጽላት፣ ፎጣዋም ደረቅ ይሁን። አንሶላና የመስኮት መጋረጃ ሰፍቼላት ይዛ ትመጣለች። «አትቸገር ልጄ፣ እንግዳ አይደለሁም» ትልሃለች፤ አትስማት። እባክህ፣ እናታችንን እንግዳ አድርጋት።

ለባለቤትህ ስለ ትራሷ ምስጋናዬን ንገርልኝ። ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ኪስ ያለው ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው። ስትወጣ ስትገባ ለዘበኛው ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ዝም ብለኸው አትለፍ። እማዬ ስጽፍ አይታኝ ምን እንዳልኩህ ጠየቀችኝ። አልጋ አንጥፍላት ብዬዋለሁ አልኳት። «ምነው ልጄን አስቸገርሽው!» ብላ ተቆጥታኛለች፤ ደጋግማም ስማሃለች።

ታላቅ እህትህ

ከስፌት ክፍሌ፣ ከመኪናዬ ጎን
ሰኔ ፬ ቀን