አዳማ የሄደው የሽንት ቤት ቁልፍ

ለተከበሩ አቶ ሚናስ፣
የኤላ ዶዮ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንደ አዲሱ የታካሚዎች ሽንት ቤት ሴራሚክ የሚያብረቀርቅ፣ ኩላሊትዎም እንደ በሩ ጠንካራ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ዘሪቱ ወልደሰንበት፣ ከነገሌ ጨርቅ እያመጣሁ በከተማችን ገበያ የምሸጥ የስኳር ታማሚ፣ ይህን ደብዳቤ ሕዝብም እንዲያነበው በአክብሮት ጽፌልዎታለሁ።

አስቀድሜ ዶክተር ረሆቦትን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ስኳር የኩላሊትን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሕመም ሳያሰማ እንደሚጎዳ፣ ያኔም ፕሮቲን ወደ ሽንት እንደሚያመልጥ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ጉዳቱን በመድኃኒት ማዘግየት እንደሚቻል ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሽንቴ አረፋ መያዙን ስነግራቸው ብልቃጥ ሰጥተው ናሙና እንዳመጣ አዘዙኝ። ቅሬታዬም ከዚሁ ይጀምራል።

፩. ሽንት ቤቱ በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። ዘበኛው ኦቦ ዳዳቻ በ«አካም፣ ናጋ?» ሰላምታ ተቀብለውኝ፣ እንግዶች መጥተው እስኪጎበኙት እንዳይቆሽሽ መታዘዙን፣ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ አዳማ መሄዱን ነገሩኝ። አዳማ የወሰደዎት ስለ ኩላሊት በሽታ ቅድመ ምርመራ የሚሰጥ ሥልጠና መሆኑን ስሰማ እንዴት እንደኮራሁብዎ አልነግርዎትም።

፪. ወንዶቹ ብልቃጣቸውን ይዘው ከአጥሩ ጀርባ ይሰወራሉ። ለእኔ ለሴቷ የቀረልኝ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የፉዚያ ሻይ ቤት ነው። ፉዚያ ነጋዴ ናትና ሻይ ላላዘዘ ሽንት ቤቷን አትከፍትም፤ ሻይዋ ደግሞ ከነስኳሩ የሚፈላ ነው። ስለዚህ ስኳር ኩላሊቴን መጉዳቱን ለማወቅ ስኳር ጠጣሁ። ብልቃጤን በነጠላዬ ሸፍኜ አስፋልቱን ስሻገር ላቦራቶሪው ለምሳ ተዘግቷል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ናሙናው ስለቆየ አዲስ እንዳመጣ ተነገረኝ። አዲስ ናሙና ማለት አዲስ ሻይ ማለት ነው።

፫. ይህኛው ቀልድ የለውም። ታላቅ እህቴ ፍቅርአዲስ በራሷ ሽንት ላይ ይህንኑ አረፋ አይታ ናቀችው። ኩላሊቷ መድከሙ የታወቀው ፊቷና እግሯ ካበጠ በኋላ ነው። ደሟን በማሽን ለማጣራት ሐዋሳ ስትመላለስ ኖራ፣ አንድ ቀን አስከሬኗ ተመለሰ። እኔ እፈራለሁ፣ አቶ ሚናስ። ልጆቼ ገና አልደረሱም።

እንግዶቹ በሰላም መጥተው፣ የሽንት ቤቱን ንጽሕና አድንቀው፣ በሰላም እስኪመለሱ ድረስ ሽንቴን በትዕግሥት ይዤ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ
ዘሪቱ ወልደሰንበት

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጸሐፊዎ ላስረክብ ስመጣ የቢሮዎን ሽንት ቤት ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ብልቃጤን እዚያው ሞልቼ ናሙናው ሳይቆይ ላቦራቶሪ አደረስኩ፤ ፕሮቲን ተገኝቶብኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። እጅግ አመሰግናለሁ። ሽንት ቤቱም እንዳይቆሽሽብዎ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ሱቄ ሰቅዬዋለሁ፤ ብልቃጥ የያዘች ሴት ሁሉ እየወሰደች ትመልሳለች። ከአዳማ ሲመለሱ ቢቸግርዎ ፉዚያ አለችልዎ፤ ሻይ ማዘዝዎን ብቻ እንዳይረሱ።