ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ጭድ

ጥር 18 ቀን 1975

ዛሬም አሸዋና ጠጠር ሳስለካ ዋልኩ። ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣው ዳገት ክረምት በመጣ ቁጥር ታጥቦ ይወርዳል። በሽተኛ በቃሬዛ ጭቃ ለጭቃ... ኮንክሪት ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ለአለቃችን ለጓድ ይርጋ፣ በደንብ ከተያዘ ልጆቻችንም ይሄዱበታል ብዬዋለሁ። ብቻ ከፈሰሰ በኋላ ውሃ እንዳይጠማው። ፀሐይና ንፋስ ቶሎ ካደረቁት ይሰነጠቃል። ማልበሻ ጆንያ ግን የለም፤ ሁሉም ለእህል ግዢ ሄዷል። በምን ላልብሰው?

ጥር 19

አገኘሁ። የጤፍ ጭድ። በየአውድማው ሞልቷል። አንጥፎ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ጓድ ይርጋ "ጭንቅላት አለህ" አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥር 21

እንዴት ልጻፈው...

ትናንት የመጀመሪያውን ክፍል አፈሰስን። ፊቱ ጠንከር ሲል ጭዱን አነጠፍን፣ አረጠብነው፣ ሠራተኛው ተበተነ። ጥበቃው አያ ላቀው ጠጋ አሉ።

"ደምሴ ልጄ፣ ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። አገሬ ሩቅ ነው፤ ለማኅሌቱ እንድደርስ ልቀቀኝ።"

"ይሂዱ አያ፣ እኔ አለሁ።"

እኔ አለሁ። አልኩ እንጂ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የግምጃ ቤቱ ሙላቴ ጠራኝ። ቤቱ ቅርብ ነው፣ ለበዓሉ ጠላ ተጠምቋል። አንድ ዋንጫ ብዬ ገባሁ። አንዱ ሦስት ሆነ። ስመለስ ከብቱ ከግጦሽ የሚገባበት ሰዓት ነው። መንጋው ዳገቱ ላይ ቆሞ ጭዴን ይበላል። ሮጥኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩ። ሲደነብሩ ባሰ። ኮንክሪቱ ገና ለጋ ነበር... ከላይ እስከ ታች ሰኮና በሰኮና ሆነ።

የሐሙሲት ገበሬ ልጅ ነኝ። ለአባቴ በሬዎች ጭድ ሳቀርብ ነው ያደግሁ። በጥር፣ ሣሩ በደረቀበት ወር፣ ከብት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጭድ ማንጠፍ... ድግስ መጥራት እኮ ነው። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥር 23

ጓድ ይርጋ መጥቶ አየ።

"ጥበቃው የት ነበር?"

"እንጃ" አልኩ።

ይቺው ናት። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ይሄ አሻጥር ነው" አለ። አያ ላቀው ከበዓሉ ሲመለሱ የክት ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወሰዷቸው፣ ወደ ቀበሌ እስር ቤት። በአጠገቤ ሲያልፉ ለያዟቸው ሰዎች "ደምሴ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት" አሉ። አቀረቀርኩ። ዶሮ ብቻ ነው ያልጮኸ።

አሻጥረኛ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን።

ጥር 25

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባንተ ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ ሥራው ቦታ ድረስ መጡ።

"ደምሴ ያስፈታኛል እያለ ነው የተቀመጠ። መቼ ነው የምትሄድለት?"

"እ... እሄዳለሁ እማማ።"

"ማርያም ታክብርህ" ብለው እጄን ሳሙት። ይህን እጅ።

ጥር 26

ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ከጎንደር ሊመጡ ነው። ጓድ ይርጋ የሰኮናውን ጉድጓድ በሲሚንቶ ለስነው አለኝ። ስስ ልስን ከታችኛው ጋር አይያያዝም። ክረምት ሲገባ ይላጣል፣ ውሃ ይሰርግበታል፣ የቀረውን ጎማ ይጨርሰዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

"እሺ ጓድ" አልኩ።

ለሁሉም እሺ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 27

የልስኑ ሲሚንቶ ሊቦካ ሲል አስቆምኩ። ወደ ጓድ ይርጋ ቢሮ ሄድኩ።

"ጥበቃውን የለቀቅኋቸው እኔ ነኝ። እጠብቃለሁ ብዬ ጠላ ልጠጣ ገባሁ። ጭዱም የእኔ ነው።"

ጓድ ይርጋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሽማግሌው ታስሮ እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር?"

ፈራሁ አልኩት። ልስኑም እንደማያዋጣ፣ ፈርሶ እንደገና መፍሰስ እንዳለበት ነገርኩት። "ታፈርሰዋለህ። እንግዶቹ ፊት ቆመህም አንተው ታስረዳለህ" አለ።

አያ ላቀው ከሰዓት በኋላ በጓድ ይርጋ ደብዳቤ ተፈቱ። እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። "እግዜር ይቅር ይበልህ" አሉ። ልጄ አላሉም።

የካቲት 2

ሰኮናውን በመዶሻ ስንሰብር ዋልን። እንግዶቹ መጡ፣ አስረዳሁ። ላሞቹ ጋ ስደርስ አንዱ ሳቀ። ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

የካቲት 11

እንደገና አፈሰስን። ጭድ የለም። ጠንከር ሲል እርጥብ አሸዋ አለበስነው፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። አያ ላቀው ወደ ጥበቃቸው ተመልሰዋል። ለሰላምታዬ መልስ ይሰጣሉ... ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም።

የካቲት 16

አሸዋውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ስንጥቅ የለውም። ዘንድሮስ ክረምቱን የሚችል ይመስለኛል።

ኪዳነ ምሕረት ናት ዛሬ። ጠዋት ውሃ ሳርከፈክፍ ደወሉ ተሰማ። አያ ላቀው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። እንዲሄዱ ፈለግሁ። ከልቤ ነው።

"አያ፣ ይሂዱ ይሳለሙ። እኔ አለሁ።"

ያው ቃል። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

አያ ላቀው አጥሩን አዩ፣ ኮንክሪቱን አዩ፣ እኔን አላዩም።

"ግዴለም፣ እዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ።"

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ግንባራቸውን አፈር አስነኩ። ሲነሱ ዱላቸውን ይዘው እሾሁ አጠገብ ቆሙ። እኔም ባልዲዬን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።