ምርቃቷን እንጂ እሷን አልፈለጉም

ናዝኒን ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት እንደነገሩ ነው፤ ማንጎው ዘንድሮ ጣፍጧል። አንቺ ብቻ ምግብ እየዘለልሽ እንዳትከሺ።

ቤት እየመጣች ሂሳብ የማስጠናትን መህወሽን ታስታውሻታለሽ? ወንድ ተብላ አድጋ ሴት ነኝ ስላለች ከወንዶቹ ትምህርት ቤት አባረሯት። አብራኝ የምታስተምረው ሻጉፍታና እኔ፣ እንግዲያው እኛ የምናስተምርበት የሴቶቹ ትምህርት ቤት ትግባ ብለን ስንለምን ከረምን። ዳይሬክተራችን "ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያስወጡ ባዶ ወንበር ልታስተምሩ ነው?" ብላ መምህራኑን ሁሉ አሳቀችብን።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ዳይሬክተር የልጅ ልጅ አገኘች፤ እኛም እንኳን ደስ አለሽ ልንል ቤቷ ሄድን። እንደ ወጉ ኽዋጃ ሲራዎቹ፣ እንደ መህወሽ ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩት፣ ለሕፃኑ ሊዘፍኑና ሊመርቁ መጡ። መህወሽ እግሯ ላይ ቃጭል አስራ ከመካከላቸው አለች! ዳይሬክተሯ በገዛ እጇ ሕፃኑን አሳቀፈቻትና "መርቂልኝ የኔ እናት፣ የናንተ ምርቃት ይደርሳል" አለቻት።

"ተምረህ ትልቅ ሰው ሁን" አለችው መህወሽ።

ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ የኽዋጃ ሲራዎቹ አለቃ በወጋችን ሻሽ አልብሳ ልጇ አድርጋኛለች፤ አሁን እሷ ቤት ነው የምኖረው። ከእንግዲህ ለጥናት አይጠብቁኝ" አለችኝ። ትምህርትሽን አትተዪ እንዳልላት፣ የትኛው ክፍል አለና ነው ነይ የምላት?

ሻጉፍታ እንደገና እንጠይቅ ትላለች። እኔ ግን ተስፋዬ ተሟጧል። ዕድሜሽ ይርዘም፣ እንጀራሽ ይባረክ። ስትደውዪ ግን ስለ ትምህርት ቤቱ አትጠይቂኝ፣ እሺ የኔ ልጅ?

እናትሽ