የሙህሲናን መርዶ ስለዋጠው የፊደል አድራሻ

ለተከበሩ የግዕዝ ፊደል የድረ ገጽ አድራሻዎች መዝጋቢ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር የሚመክሩት እነዚያ ታላላቅ ጉባኤዎች እንዳላደከሙዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በካምፓላ፣ ናኪቩቦ አካባቢ ነግደን የምናድር የወሎና የጅማ ሰዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

አምና እዚህ ድረስ መጥተው፣ «ከእንግዲህ እንግሊዝኛ ያልተማረች እናት አድራሻውን በራሷ ፊደል ጽፋ የፈለገችውን ታገኛለች፤ ቃሌ ነው» ሲሉን፣ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ።

አንደኛ፣ ቃልዎን ይዘን የመርዶ ገጻችንን በፊደል አድራሻ ከፈትን። ሰው በሞተ ቁጥር በቦዳ ሞተር ብስክሌት ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ይናገር የነበረውን መሓመድኑርንም፣ ዘመኑ ተለውጧልና ዕረፍ ብለን አሰናበትነው። ስላሳረፉልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው አነስተኛ ነው ብለው አድራሻዎቹን ሲዘጉ፣ ማስታወቂያውን በድርጅትዎ የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ብቻ መለጠፍዎ ለእኛ ያለዎትን ከፍ ያለ ግምት ያሳያል።

የሚቀጥለውን ግን ሦስተኛ ብዬ ልቆጥረው አልቻልኩም። ኦዊኖ ገበያ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ፈርሃና ከፊደል ሌላ አያነቡም። ከአንድ መንደር አብረዋቸው የመጡት ጓደኛቸው ሙህሲና ታመው ሆስፒታል ነበሩ። ሙህሲና ጎህ ሲቀድ አረፉ። እኔም አድራሻው መዘጋቱን ሳላውቅ መርዶውን ወዲያው ጽፌ አወጣሁ፤ ጽሑፉ እንዳለ አለ፣ የጠፋው ወደ እሱ የሚያደርሰው አድራሻ ነው። ሁላችንም አይተውታል ብለን አልደወልንላቸውም። እትዬ ፈርሃና እንዳስተማርኳቸው አድራሻውን ጻፉ። ባዶ ገጽ ሲመጣላቸው፣ መርዶ የለም ማለት ነው ብለው አላህን አመስግነው ልብሳቸውን ሲሸጡ ዋሉ። የእኛ ሰው ደግሞ በዕለቱ ነው የሚቀበረው። ጓደኛቸውን ሳይሰናበቱ ጀናዛው ወጣ።

በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «እመኚው ያልከኝ አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ሌላ ሰው ቢያደርገው እንዲህ ባልከፋኝ ነበር፤ እርስዎ ግን በገዛ ቋንቋችን አባብለው ነው የከዱን።

አድራሻችንን ቢመልሱልን እንኳ በምን አፌ ሰው ማሳመን እንደምችል በማላውቅበት በዚህ ወቅት፣ የላቀ አክብሮቴን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

ጀይሉ
ካምፓላ

ማስታወሻ፦ በመጪው ጉባኤ ስለ ፊደላት የወደፊት ዕድል ንግግር እንደሚያደርጉ ሰምተናል፤ እንኳን ደስ አለዎ። ከመጀመርዎ በፊት ለሙህሲና ዱዓ ያድርጉላቸው። በእንግሊዝኛም ቢሆን ይደርሳቸዋል፤ እዚያ አድራሻ የሚዘጋ ዳይሬክተር የለም።