ግድግዳው ላይ የጻፍከው

ጓደኛዬ ማቶንዶ፣

የፖንዱ ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ሳታሞቀው እንዳትበላ። ቁልፉን ጎረቤት ማማ ንሲምባ ጋ ትቼዋለሁ። እኔ እህቴ ቤት ሄጃለሁ። መቼ ትመለሳለህ ብለህ አትጠይቀኝ።

ሰሞኑን በዝናቡ ምክንያት ቤት ስውል ያንን ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ኪንሻሳን የሚውጥበትን የኮሚክ መጽሐፍ ከአንደኛው ቅጽ ጀምሬ እንደገና ጨረስኩት። ድሮ አዲስ ቅጽ በወጣ ቁጥር ስንሻማ ልብ አላልነውም እንጂ፣ የመሬቱ ስንጥቅ ገና ከመጀመሪያው ከሰዎቹ ጀርባ ተስሏል። ሰውዬው ጎርፉን ለመገደብ ጆንያ ሲሞላ ትዝ ይልሃል? «ይሄ ጅል፣ አፈሩን ከገዛ ቤቱ ሥር ይዝቃል!» ብለህ ሆድህን ይዘህ ስትስቅ ነበር።

እስቲ ከኩሽናው ጀርባ ሂድና አንተ ጆንያ ስትሞላበት የከረምከውን ጉድጓድ እየው።

ትናንት ልነግርህ ብጀምር «ፈሪ! የአባቴን ቤት ጥዬ የትም አልሄድም» አልከኝ። ከዚያ ዘመዶችህ ተደብቀው እንዳይሸጡብህ ቀለም አምጥተህ ግድግዳው ላይ «ይህ ቦታ አይሸጥም» ብለህ በትልቁ ጻፍክ። አባትህን አንስቼ መናገር አልነበረብኝም። እሱን ተወው።

የመጨረሻውን ቅጽ አልጋህ ላይ ገልጬ ትቼልሃለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድም ሰው የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ግማሽ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል፤ እላዩ ላይ አንተ የጻፍከው ቃል በቃል አለ።

ደመናው እንደገና ከብዷል። በልተህ ስትጨርስ ውጣ፣ እዚያ እንዳታድር።

አይሸጥም ትላለህ። ማን ሊገዛው ነው፣ ማቶንዶ?

ሉዞሎ