የረቡዕ አግድምና ቁልቁል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሰሊጥ መኽዘን ውስጥ ጆንያ ስሰፋ ዋልኩ። የሰሊጡ አቧራ አፍንጫዬን ደፍኖታል። ስመለስ ጎረቤቴ እትዬ ሳፊያ ባሚያ ሰጠችኝ። በልቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7
ከቅዳሴ በኋላ የሐበሾች ማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ስለ መታወቂያ እድሳት ይወራል ብዬ ሄድኩ... የተወራው ስለ እኔ!
አዲሱ ጸሐፊ፣ አቶ ቻላቸው። ጎንደር ከተማ መምህር ነበር፤ ጦርነቱ ካመጣው ሁለት ዓመት አልሞላውም። (ለራሴ ስጽፍ አንቱ አልለውም።) አርብ ዕለት፣ በማኅበሩ አዳራሽ አማርኛ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ሰምቶኛል። ለልጆቹ "ገለማችሁን አንሱ" ስል። እስክሪብቶ ማለት ነበረብኝ። ዐረብኛው አመለጠኝ... እውነት ነው።
"ወይዘሮ አይናለም፣ አይቀየሙኝ። እዚሁ ገዳሪፍ ተወልደው፣ አገሩን በዓይንዎ ሳያዩ፣ ቋንቋውን እንዴት ያስተምራሉ?"
አሥራ ሁለት ዓመት በነጻ አስተምሬ!
ከኪሱ ጋዜጣ አወጣ። ሾፌሩ ይልቃል በድንበሩ በገላባት በኩል የሚያመጣው የአማርኛ ጋዜጣ ነው። የረቡዕ ዕትም፤ መጨረሻ ገጹ ላይ የቃላት እንቆቅልሽ አለ፣ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ።
"የረቡዑ ከባድ ነው። ብቻዎን ይሙሉት። የሚቀጥለው ዕትም መልሱን ይዞ ይመጣል፤ እናመሳክራለን። ልክ ከሆኑ ክፍሉ የእርስዎ ነው።"
ሰው ሳቀ።
"ይስጡኝ" አልኩ። ጋዜጣውን ከእጁ ወሰድኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ሠላሳ አንድ ቃል። ዛሬ አሥራ አራቱን ሞላሁ። "ከፍየል ቆዳ የሚዘጋጅ መጻፊያ፣ ሦስት ፊደል።" ብራና። "ካህናት የሚደገፉት፣ አራት ፊደል።" መቋሚያ። አገሩን ባላይ ቤተ ክርስቲያንም አላየሁም እንዴ?
አንዱ ግን አናደደኝ። "ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ሳይደርስ የሚታጨድ። ሁለት ፊደል።" ሣር ብዬ ጻፍኩ። ቁልቁሉ እምቢ አለ፤ ሁለተኛዋ ፊደል "ም" ናት። ሰረዝኩት። ወረቀቱ ሊቀደድ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
አንድ ቃል ብቻ። የተረገመ ቀን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ከሥራ ስመለስ በገበያው በኩል አለፍኩ። ኒም ዛፍ ሥር ፀጉር ቆራጩ የአንድ ሽማግሌ አገጭ ይላጫል። ቆምኩ... ሳይዘሩት የሚበቅል... "ጺም!" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ደንግጦ በዐረብኛ "ይቺ ሐበሻ ምን ነካት?" አለ። ቆራጩ ምላጩን ይዞ ቀረ። እየሳቅኩ ቤቴ ደረስኩ። ጺሙ ሌላ ስድስት ቃል ከፈተልኝ!

ኀሙስ፣ ኅዳር 11
"ሞፈርና ቀንበርን የሚያስር ጠፍር፣ ሦስት ፊደል።" መሐሏ "ራ"። ከዚያ ወዲያ የለኝም።
በሬ ሲያርስ አይቼ አላውቅም። እዚህ ሜዳውን ሁሉ የሚያርሰው ትራክተር ነው። አባቴ ሀዋታ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ኖረ፤ አገር ቤት ስለተዋቸው በሬዎቹ ግን አንድም ቀን አላወራኝም። ማንሳቱ ያመው ነበር መሰለኝ።
ታዲያ ቻላቸው ልክ ሊሆን ነው?
እትዬ ሳፊያ ዘንድ ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አነበብኩላት።
"ምራን" አለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።
"ምን?"
"ምራን ነዋ! ያባቴን ምራን ቅባት እየቀባሁ የማለሰልሰው እኔ አልነበርኩ? በረሃቡ ዓመት በሬዎቹ ሲያልቁ እሱን ተሸክሞ ነው ድንበር ተሻግሮ እስከ ዶካ የመጣው። ምን ሊያስርበት እንደሁ አላህ ይወቅ።" ላጠች፣ ላጠች። "ያ በት፣ አንቺ ልጅ፣ የተማሩት የሚጨነቁት በዚህ ነው?"
ሳፊያ ፊደል አልቆጠረችም። ስሟን እንኳ አትጽፍም።
ብቻዎን ተብያለሁ። ልደብቀው? ማን ያውቃል?... አልደብቅም። ከቃሉ ጎን "ከሳፊያ" ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ሞላ! ሠላሳ አንዱም!

እሑድ፣ ኅዳር 14
መልሱ አልመጣም። ገላባት መንገዱ ተዘግቷል፤ ይልቃል መተማ ላይ ቀርቷል።
ቻላቸው ወረቀቴን ገለጠ። ዓይኑ "ከሳፊያ" ላይ ቆመ።
"ብቻዎን ብዬ ነበር።"
"ቋንቋ ብቻውን የተማረ ማን አለ? እርስዎ ምራንን ያውቁት ነበር?"
"እኔ የከተማ ልጅ ነኝ..."
ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ሳቁ። አንዱ "ምራን ልክ ነው፣ እኔ ምስክር" አሉ። ቢሆንም የማኅበሩ ሰዎች ወሰኑ። መልሱ እስኪመጣ ክፍሉ ይዘጋ። የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና ወጣሁ። አላለቀስኩም። መንገድ ላይም አላለቀስኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም። ወር? ዓመት? እስከዚያ ልጆቹ "ሀ"ን ይርሱት?
እምቢ።

አርብ፣ ኅዳር 19
ሳፊያ ግቢ አስተማርኩ። ግድግዳው ላይ በከሰል። አሥራ አንድ ልጅ መጣ። ተማሪዬ ኣድያም ዘግይታ ገብታ "እትዬ፣ አዳራሹ ተቆልፏል፤ በድምፅሽ ነው ያገኘሁሽ" አለች።
ቻላቸው በሩ ላይ ደረሰ።
"ወይዘሮ አይናለም፣ ክፍሉ እንዲዘጋ ተወስኗል።"
"የተዘጋው አዳራሹ ነው፤ እሱን አልነካሁም።"
ሳፊያ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። "ግቢው የኔ ነው! ኸላስ፣ አለቀ!"
ሄደ። "ቀ"ን አጣምሜ ጻፍኩ። ልጆቹ አረሙኝ።

አርብ፣ ኅዳር 26
ሃያ ሦስት ልጅ። ሦስት እናቶችም ተቀመጡ፤ "እኛስ?" ብለው።

ኀሙስ፣ ታኅሣሥ 2
መንገዱ ተከፍቷል። ቻላቸው መልሱ ያለበትን ጋዜጣና የእኔን ወረቀት ይዞ ራሱ መኽዘን ድረስ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ መስፋት አቆሙ።
"ሁለት ተሳስተዋል" አለኝ።
መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰክቼ ተጠጋሁ። አየሁ። "ንግግር የማያበዛ" ለሚለው ቁጥብ ብዬ ነበር፤ መልሱ ጭምት ነው። ከ"ብ" ተነስቼ ቁልቁል ብልጫ ብዬ የሞላሁት ደግሞ ትርፍ ሆኗል። አንዱ ስህተት ሌላውን ጎተተው። ከወር በፊት ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ባልኩ ነበር።
"አዎ፣ ሁለት ነው" አልኩት።
"ታዲያ?" አለ።
"ታዲያ ነገ አርብ ነው። ክፍል አለ። ጋዜጣውን ይተዉልኝ፤ የት እንደተሳሳትኩ ለልጆቹ ላሳያቸው።"
"ማን ፈቅዶ?"
"ማንን ነው መጠየቅ የነበረብኝ?"
ከልቤ ነው የጠየቅኩት። ቢነግረኝ እሰማው ነበር። ጋዜጣውን ጆንያው ላይ አስቀምጦ ወጣ።
የሳፊያን ግቢ ጠጠር ጠርጌ አሁን ገባሁ። ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ነገ በሁለት ሰዓት።